የቤትሆቨን የትውልድ ቤት፦ ከቢራ ቤትነት ወደ ቤተ መዘክርነት

በምዕራብ ጀርመን በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ቦን ከተማ መሀል ቦንጋሰ የተባለ ጠባብ መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ቁጥር 20 የሆነው ቤት ሉድቪግ ፋን ቤትሆቨን የተወለደበት ነው። የዓለም ዝነኛ የሙዚቃ ቀማሪ የሆነው ይህ ሰው በ1770 ታኅሣሥ ወር እዚህ ሲወለድ፣ ወላጆቹ በጓሮ በኩል ያሉ ጥቂት ክፍሎችን የተከራዩ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ቤተሰብ ነበሩ። ቤተሰቡ በቦን በየጊዜው ከተከራያቸው ቤቶች መካከል ዛሬ ድረስ የቆመው ይህ ብቻ ነው።

ቤቱ ከ1893 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። የተረፈው ግን በራሱ አልነበረም። በአንድ ወቅት ትክክለኛው የትውልድ ቤት መሆኑ አከራካሪ ነበር። ቆይቶ ቢራ ቤት ሆነ፤ ሊፈርስም ተቃርቦ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ተቀጣጣይ ቦምብ ጣራው ላይ ወድቆበታል። በእያንዳንዱ አጋጣሚ ቤቱን ያተረፉት «ይህ ቤት መጥፋት የለበትም» ብለው የተነሱ ሰዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጣራው ሥር ያለችው ክፍል

ቤቱ ዛሬ አንድ ቢመስልም በመሠረቱ ሁለት ቤት ነበር። ከመንገዱ በኩል የሚታየው በ1700 ገደማ፣ ከእርሱ በዕድሜ በሚበልጥ ምድር ቤት ላይ የተሠራ፣ ግንባሩ ድንጋይ የሆነ የባሮክ ዘመን ሕንፃ ነው። ከበስተጀርባው፣ ከትንሽ ግቢ ማዶ፣ በእንጨት የተዋቀረ አነስተኛ ቤት ነበር። የቤትሆቨን ወላጆች የኖሩት በዚህኛው የጓሮ ቤት ነው። በምድሩ ማዕድ ቤትና የዕቃ ክፍል ነበራቸው። በፎቁ ላይ ሁለት ትንንሽና አንድ ጥቂት ሰፋ ያለ ክፍል ነበር። ከዚያ በላይ ያሉት ከጣራው ሥር የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ክፍሎች ናቸው።

ሉድቪግ የተወለደው ከጣራ ሥር ካሉት ክፍሎች በአንዷ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ስለ ክፍሏ እርግጠኛ ሆኖ መናገር የማይቻለው ልደቱን የመዘገበ የዓይን ምስክር ስለሌለ ነው። የተወለደበት ቀን እንኳን በሰነድ አልተያዘም። በሰነድ የሚገኘው በታኅሣሥ 17 ቀን 1770 በቅዱስ ሬሚጊዮስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና መነሳቱ ነው። በዚያ ዘመን ሕፃናት በተወለዱ በማግሥቱ ወይም በዚያው ሰሞን ክርስትና ይነሱ ስለነበር ታኅሣሥ 16 የልደቱ ቀን ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ጎብኚዎች ከሌሎች ክፍሎች ይልቅ በዚህች ትንሽ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆም ይላሉ። ለረጅም ዘመን በውስጧ ይታይ የነበረው አንድ የቤትሆቨን የራስ ቅርጽ ብቻ ነው። አልጋም ሆነ የሕፃን መተኛ አልተቀመጠባትም፤ ከቤተሰቡ የቤት ዕቃ ወደ ዘመናችን የደረሰ ስለሌለ፣ አስመስሎ ከመሙላት ባዶዋን መተው ተመርጧል።

የሙዚቀኞች መንደር

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦን የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ የሆነው መስፍን መቀመጫ ነበረች። መስፍኑ መንፈሳዊም ዓለማዊም ሥልጣን ነበረው፤ ቤተ መንግሥቱም ዘማሪዎችንና የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችን በደመወዝ ይቀጥር ነበር። የሕፃኑ አያት፣ እርሱም ሉድቪግ የሚባለው፣ ዛሬ ቤልጅግ ከምትባለው አገር፣ ከሜኽለን ከተማ፣ በ1733 ወደ ቦን መጥቶ በመዘምርነት ተቀጠረ። በ1761 ደግሞ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቃ። ልጁ ዮሐንም የዚያው ቤተ መንግሥት ዘማሪ ሆነ።

ዮሐን በኅዳር 1767 ማሪያ ማግዳሌና ኬቨሪሽን አገባ። ማሪያ ማግዳሌና የቤተ መንግሥት ዋና ወጥ ቤት ልጅ ነበረች፤ ገና በወጣትነቷ አንድ ባል ሞቶባታል። ሁለቱ ሲጋቡ የገቡት በቦንጋሰው የጓሮ ቤት ነው። የመጀመሪያው የጋራ ልጃቸው በ1769 ተወልዶ በስድስት ቀኑ ሞተ። ቀጥሎ የተወለደው፣ የአያቱን ስም የወረሰው፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሉድቪግ ነው። ክርስትና ያነሳውም አያቱ ነበር። ማሪያ ማግዳሌና ከዮሐን ከወለደቻቸው ሰባት ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት ሦስት ወንዶች ብቻ ናቸው።

ይህ ቤት ያፈራው ሙዚቀኛ ቤትሆቨን ብቻ አይደለም። ከእርሱ ሩብ ክፍለ ዘመን ቀደም ብሎ በዚሁ ቤት ዮሐን ፔተር ዛሎሞን የተባለ ቫዮሊን ተጫዋች ተወልዷል። አባቱ በቦን ቤተ መንግሥት ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወት ነበር። ዛሎሞን ኋላ ወደ ለንደን ሄዶ የሙዚቃ ዝግጅት አስተናባሪ ሆነ፤ የሙዚቃ ቀማሪውን ዮዜፍ ሃይድንን ወደ እንግሊዝ የወሰደውም እርሱ ነው።

የአሥራ ስድስት ዓመቱ የቤት አባወራ

የቤትሆቨን ቤተሰብ በቦንጋሰ የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ሉድቪግ ገና ነፍስ ሳያውቅ ወላጆቹ ቤቱን ለቀው ወደ ሌላ ሄዱ። በኋላም በከተማዋ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ኖሩ። አያቱ በ1773 መጨረሻ ሲሞት ቤተሰቡ ዋና ደጋፊውን አጣ። አባቱ ልጁን ገና በሕፃንነቱ ሙዚቃ አስተማረው፤ በስምንተኛ ዓመቱ ገደማም ለሕዝብ አቀረበው። የአስተማሪነቱ ነገር ግን ጨካኝ እንደነበር፣ የመጠጥ ልማዱም እየከፋ እንደሄደ የዘመኑ ምስክሮች ተናግረዋል።

ልጁን ከሁሉ ይልቅ የቀረጸው መምህር የቤተ መንግሥቱ ኦርጋን ተጫዋች ክርስቲያን ጎትሎብ ኔፈ ነው። ኔፈ የባኽን ሥራዎች አስጠናው፤ የመጀመሪያ ድርሰቱም እንዲታተም ረዳው። ሉድቪግ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የኔፈ ምክትል ሆኖ ኦርጋን ይጫወት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራ ውስጥም ቪዮላ ተጫውቷል።

በ1787 ትምህርት ፍለጋ ወደ ቪየና ሄደ፤ ግን የእናቱ መታመም ተሰማና በጥድፊያ ተመለሰ። እናቱ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ሉድቪግ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባቱ በመጠጥ ምክንያት ቤቱን ማስተዳደር ስላልቻለ፣ የአባቱ ደመወዝ እኩሌታ ወንድሞቹን እንዲያሳድግበት ለእርሱ እንዲከፈል በ1789 ተወሰነ። የቤቱ አባወራ ልጁ ሆነ።

በኅዳር 1792 ቤትሆቨን ከቦን ወደ ቪየና ለሁለተኛ ጊዜ ተጓዘ። አባቱ በሚቀጥለው ወር ሞተ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የፈረንሳይ ጦር ራይንን ተከትሎ ቦንን ያዘ፤ ደመወዝ ይከፍለው የነበረው የመስፍኑ መንግሥትም አከተመለት። ቤትሆቨን መጋቢት 26 ቀን 1827 ቪየና ውስጥ እስኪሞት ድረስ ወደ ትውልድ ከተማው አልተመለሰም።

አልረሳትም ግን። በ1801 ለልጅነት ጓደኛው ለሐኪሙ ፍራንስ ጌርሃርድ ቬገለር በጻፈው ረጅም ደብዳቤ፣ የተወለደባት ምድር እንደለቀቃት ሆና እስካሁን ከዓይኑ እንደማትጠፋ፣ ራይን ወንዝን ዳግም የሚያይበትን ቀን በሕይወቱ ካሉት ደስተኛ ቀናት አንዱ እንደሚያደርገው ነግሮታል። የመስማት ችሎታው እየደከመ መሄዱን፣ ሰው እንዳያውቅበት ከሰው መሸሽ መጀመሩንም የገለጸው በዚሁ ደብዳቤ ነው። ትልቁን ምስጢሩን የነገረው ለቦን ልጅ ነበር።

የተወለደው የትኛው ቤት ነው?

ቤትሆቨን ሲሞት ዝናው መላ አውሮጳን አዳርሶ ነበር። የትውልድ ከተማው ሰዎች ግን የተወለደበት ቤት የትኛው እንደሆነ አልተስማሙም። ብዙዎች የሚጠቁሙት በራይን ወንዝ አጠገብ፣ ራይንጋሰ በተባለው መንገድ ላይ ያለውን የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ ቤት ነበር። ለዚህ ምክንያት ነበራቸው፤ የቤትሆቨን ቤተሰብ በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት ተከራይቶ ስለኖረ፣ ጎረቤት የሚያስታውሰው ሉድቪግን እዚያ ሲያድግ ነው።

ክርክሩ ወደ ቦንጋሰ እንዲያጋድል ያደረገው ቬገለር ነው። እርሱ ከሌላው የቦን ተወላጅና የቤትሆቨን ተማሪ ከነበረው ፈርዲናንድ ሪስ ጋር በ1838 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ፣ ጓደኛው የተወለደው በቦንጋሰ መሆኑን አስታወቀ። ይህ የልጅነት ጓደኛ ምስክርነት ባይኖር ዛሬ የሚጎበኘው ቤት ሌላ ይሆን ነበር፤ እውነተኛው ደግሞ ሳይታወቅ ሊፈርስ ይችል ነበር። የራይንጋሰው ቤት ዛሬ የለም።

በ1845 ቦን ለታላቁ ልጇ የነሐስ ሐውልት አቆመች። ገንዘብ ከማዋጣት አንስቶ ዝግጅቱን እስከማስተባበር ድረስ ትልቁን ድርሻ የተወጣው የሙዚቃ ቀማሪው ፍራንስ ሊስት ነው። በምረቃው ዕለት የፕሩስያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም አራተኛና የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከአንድ ሰገነት ላይ ሆነው ይመለከቱ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ግን ሐውልቱ ለነገሥታቱ ጀርባውን ሰጥቶ ታየ። ይህ ወግ ቦን ውስጥ እስካሁን በፈገግታ ይነገራል። ሐውልቱ በአደባባይ ሲከበር፣ የትውልድ ቤቱ ግን ገና የግለሰብ ንብረት ነበር፤ ማንም የሚጠብቀው አልነበረም።

ቢራ ቤት፣ ሸቀጣሸቀጥ ነጋዴ፣ አሥራ ሁለት ሰዎች

በ1870ዎቹ የቦንጋሰው ቤት የቤትሆቨንን ስም የያዘ ምግብና መጠጥ ቤት ተከፈተበት። በ1887 ደግሞ በግቢው ውስጥ የቢራና የሙዚቃ አዳራሽ ተጨመረለት። በ1888 ቤቱን አንድ የሸቀጣሸቀጥ ነጋዴ ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ለሽያጭ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ቦን እያደገች ነበር፤ በመሀል ከተማ ያሉ አሮጌ ቤቶችም ለአዳዲስ ሕንፃዎች ቦታ እየለቀቁ ነበር። የቤትሆቨን ቤትም ዕጣው ይኸው የሚሆን መሰለ።

በ1889 አሥራ ሁለት የቦን ነዋሪዎች ተሰብስበው «የቤትሆቨን ቤት ማኅበር» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸው ቤቱን ገዝቶ ከመፍረስ ማዳንና መታሰቢያ ማድረግ ነበር። ቤቱን በ57 ሺህ ማርክ ገዙት። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና የወጣ አልነበረም፤ ማኅበርተኞቹ ያሰባሰቡት ነው። የዘመኑ ዝነኛ ቫዮሊን ተጫዋች ዮዜፍ ዮአኺም የክብር ፕሬዝዳንት ሆነላቸው። ዮሐንስ ብራምስ፣ ክላራ ሹማንና ጣልያናዊው ጁዜፔ ቬርዲ ስማቸውን በክብር አባልነት አኖሩ። በ1890 ማኅበሩ በቦን የቻምበር ሙዚቃ ድግስ አዘጋጀ፤ ገቢውም ለቤቱ ዋለ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ምን ያህሉ እንደነበረ ይቀመጥ፣ ምን ያህሉስ ይለወጥ የሚለው ነበር። የቢራ አዳራሹ ተነሳ። የፊቱና የኋላው ቤት ጎብኚ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ተገናኙ። የትውልድ ክፍሏ ያለችበት የጓሮ ቤት በተቻለ መጠን በነበረበት እንዲቆይ ተደረገ። ቤቱ ግንቦት 10 ቀን 1893 ቤተ መዘክር ሆኖ ተመረቀ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ቤቱን የሚያስተዳድረውም እርሱ ነው።

ከሰማይ የወረደው እሳት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብና ሲፋፋም የቤቱ ኃላፊዎች ስብስቡን ወደ ደኅና ቦታ ማሸሽ ግድ ሆነባቸው። የእጅ ጽሑፎቹና ሌሎቹ ቅርሶች ከቦን በስተምሥራቅ ዚገን በተባለች ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኝ ከመሬት በታች የተሠራ መጠለያ ተወሰዱ። ቤቱ ራሱ ግን የሚሄድበት አልነበረውም።

ጥቅምት 18 ቀን 1944 የቦን መሀል ከተማ ከባድ የአየር ድብደባ ደረሰበት። ከወረደው እሳት አንድ ተቀጣጣይ ቦምብ በትውልድ ቤቱ ጣራ ላይ ወደቀ። የቤቱ ጠባቂዎች ቦታቸውን ጥለው አልሸሹም፤ እሳቱ ከመዛመቱ በፊት ተረባርበው ተቆጣጠሩት። በዙሪያው ብዙው የአሮጌው ከተማ ክፍል ሲቃጠል ይህ ቤት ተረፈ። ለዚህ ውለታቸው ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ፌደራል ሪፐብሊክ የክብር መስቀል ተሸልመዋል። ጉዳት የደረሰበት የቤቱ ክፍል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታደሰ።

ከቪየና የተመለሱት ዕቃዎች

ማኅበሩ ሲቋቋም በእጁ የነበረው ባዶ ቤት ነው። ቤትሆቨን በ22 ዓመቱ ገደማ ከቦን ሲወጣ ከቦን ሕይወቱ የቀረው ጥቂት ነበር። በቪየና ደግሞ ቤት አልነበረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከኪራይ ወደ ኪራይ ሲዘዋወር ኖሯል። ንብረቱ ከሞተ በኋላ በጨረታ ተሸጦ ተበታተነ። ስለዚህ ስብስቡ የተገነባው በብዙ አሥርት ዓመታት፣ አንዳንዱ በግዢ፣ አንዳንዱ በስጦታ፣ አንዳንዱ በውርስ ነው። ዛሬ ቤቱ የያዘው የቤትሆቨን ስብስብ በዓለም ላይ ካሉት ትልቁ ነው ይባላል።

ከቦን ዘመኑ ከቀሩት መካከል በቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራ የተጫወተበት ቪዮላና ልጅ ሆኖ ይጫወትበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የቁልፍ ሰሌዳ ይገኛሉ። ሰሌዳው ከአንድ የፍራንሲስካውያን ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። የትንሽ ልጅ ጣቶች በየማለዳው ቅዳሴ የነኩት እንጨት እንደመሆኑ፣ ብዙ ጎብኚዎችን ከታላላቆቹ ሥዕሎች በላይ ይስባል።

ከቪየና ዘመን የቪየናው ፒያኖ ሠሪ ኮንራድ ግራፍ በሕይወቱ መጨረሻ የሰጠው ፒያኖ አለ። ሠዓሊው ዮዜፍ ካርል ሽቲለር በ1820 የሣለው ሥዕል፣ ጸጉሩ የተበታተነ፣ ቀይ ሻርፕ ያጠለቀውና የሙዚቃ ወረቀት በእጁ የያዘው ዝነኛ ምስል፣ እዚሁ ነው። ፍራንስ ክላይን በ1812 ከሕያው ፊቱ በጄሶ የወሰደው ቅርጽም አለ። ሥዕል ያሳምራል፤ ጄሶ ግን አያዳላም። የፊቱን እውነተኛ መልክ፣ ከፈንጣጣው ጠባሳ ጋር፣ ማየት የሚፈልግ ወደ ጄሶው ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ ዝምታ የሚያሰፍኑት መለከት መሳይ የጆሮ መሣሪያዎች ናቸው። በ1810ዎቹ ለቤትሆቨን የሠራቸው መካኒኩ ዮሐን ኔፖሙክ ሜልትሰል ነው። ስሙ ዛሬ የሚታወቀው የሙዚቃ ምት መለኪያ ከሆነው ሜትሮኖም ጋር ነው። መሣሪያዎቹ ከብረት የተሠሩ፣ አፋቸው ሰፊ፣ ጫፋቸው ወደ ጆሮ የሚገባ ናቸው፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ራስ ላይ የሚታሰር ማንጠልጠያም አለ። ብዙም አልጠቀሙትም። በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ቤትሆቨን ከሰው ጋር ይነጋገር የነበረው ጠያቂው በደብተር ላይ ሲጽፍለት በማንበብ ነው። ዘጠነኛ ሲምፎኒው በግንቦት 1824 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የአዳራሹን ጭብጨባ አልሰማም።

ወረቀቱ ምን ይናገራል?

በቤትሆቨን ሞት መቶኛ ዓመት፣ በ1927፣ ማኅበሩ ከቤተ መዘክሩ ጎን የምርምር ቤተ መዛግብት አቋቋመ። ሥራው በየአገሩ የተበተኑትን የቤትሆቨን የእጅ ጽሑፎች ቢያንስ በቅጂ መሰብሰብና ማጥናት ነበር። ከዚህ ጥናት የቤትሆቨን ሥራዎች አዲስ የተሟላ ኅትመት ይወጣል፤ ሥራው በ1960ዎቹ ተጀምሮ እስካሁን ቀጥሏል።

ስብስቡን በአንድ ጊዜ ያሳደገው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኮንራድ ቦድመር ነው። የዙሪክ ነዋሪ የነበረው ቦድመር በሕይወት ዘመኑ ያሰባሰበውን ታላቅ የቤትሆቨን ስብስብ በ1956 ሲሞት ለቦኑ ቤት አወረሰ። በውርሱ ውስጥ በርካታ ደብዳቤዎች ይገኛሉ። የቤቱ ስብስብ የስድስተኛውን ሲምፎኒ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲሁም «የጨረቃ ብርሃን» በሚል ስም የሚታወቀውን የፒያኖ ሶናታ የእጅ ጽሑፍም ይዟል። የሶናታው የመጀመሪያ ቅጠል ጠፍቷል፤ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው አጀማመር በደራሲው እጅ ተጽፎ የተገኘበት ወረቀት የለም።

እነዚህ ወረቀቶች ለባለሙያ ብቻ የሚናገሩ አይደሉም። ገጾቹ በስርዝ፣ በድልዝ፣ በተደራረበ እርማት የተሞሉ ናቸው። ሙዚቃው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በድካም የተሠራ መሆኑ ይታይባቸዋል። ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን ቀማሪው የት ጋ እንደተቸገረ፣ የት ጋ ቆርጦ እንደወሰነ ከእጅ ጽሑፉ ሊያይ ይችላል። ከ2004 ጀምሮ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚታዩ፣ ለዚህ ቦን ድረስ መምጣት ግድ አይደለም።

የ1889ኙ መንገድ አሁንም አልተዘጋም። ቤቱ በ2009 «የዲያቤሊ ቫሪያሲዮን» የተባለውን የፒያኖ ድርሰት የእጅ ጽሑፍ የገዛው፣ ከመንግሥታዊ ድጋፍ በተጨማሪ፣ ሙዚቀኞች ለዓላማው ባቀረቧቸው ኮንሰርቶችና ከግለሰቦች በተሰበሰበ ልገሳ ነው። ከትውልድ ቤቱ አጠገብ የተሠራውና በ1989 የተከፈተው 199 መቀመጫዎች ያሉት የቻምበር ሙዚቃ አዳራሽም ቤቱን ከመታሰቢያነት አልፎ የሙዚቃ ቦታ አድርጎታል። ለ250ኛው የልደት ዓመት ዝግጅት ቤተ መዘክሩ ታድሶ በታኅሣሥ 2019 ተከፈተ። የኮሮና ወረርሽኝ ግን ሊከበር የታቀደውን ዓመት አደናቀፈው፤ የበዓሉ ጊዜም እስከ 2021 ተራዘመ።

ግድግዳ ምን ያረጋግጣል?

በአውሮጳ የሙዚቃ ቀማሪዎችን የትውልድ ቤት መጠበቅ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረ ልማድ ነው። በኦስትሪያዋ ዛልስቡርግ፣ ጌትራይደጋሰ ቁጥር 9፣ ሞዛርት በ1756 የተወለደበት ቤት በ1880 ቤተ መዘክር ሆነ። በምሥራቅ ጀርመኗ አይዘናኽ ደግሞ የዮሐን ዜባስቲያን ባኽ የትውልድ ቤት ነው ተብሎ የታመነ ቤት በ1907 ቤተ መዘክር ሆኖ ተከፈተ። ባኽ የተወለደው በዚያ ሳይሆን በአቅራቢያው በነበረና ዛሬ በሌለ ቤት መሆኑ ኋላ በጥናት ታወቀ። የአይዘናኹ ቤት ግን አልተዘጋም፤ ይህን ሳይደብቅ ስለ ባኽ ሕይወትና ሙዚቃ ማስተማሩን ቀጥሏል።

ይህ ንጽጽር የቦኑን ቤት ትርጉም ግልጽ ያደርጋል። የቤትሆቨንን ሙዚቃ ለመረዳት የተወለደበትን ክፍል ማየት አያስፈልግም፤ እርሱ ራሱ ክፍሏን ሊያስታውሳት አይችልም። ቤቱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሙዚቃ ከየት ዓይነት ኑሮ እንደተነሳ ያሳያል፦ ከጓሮ ኪራይ ቤት፣ ከዝቅተኛ ጣሪያ፣ ልጆች በብዛት ከሚሞቱበትና የአንድ ሰው ደመወዝ ቤተሰብ ከሚያኖርበት ዘመን። ወርቅ የተለበጠ አዳራሽ ይህን ሊናገር አይችልም።

ከቦንጋሰ እስከ አጭር ሞገድ

ቦን ከኢትዮጵያውያን አድማጮች ጋር የምትተዋወቀው በሙዚቃ ብቻ አይደለም። ከ1949 ጀምሮ የምዕራብ ጀርመን ርዕሰ ከተማ ነበረች። የጀርመን ድምፅ ወይም ዶቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭቱን በመጋቢት 1965 ከኮሎኝ ከተማ የጀመረ ሲሆን፣ የጣቢያው ዋና መሥሪያ ቤት በ2003 ወደ ቦን ተዛውሯል። ዛሬ ከቤትሆቨን የትውልድ ቤት ጥቂት ኪሎሜትሮች ርቆ በዚያው በራይን ወንዝ አጠገብ ይገኛል።

ግንኙነቱ ግን ከአድራሻ መቀራረብ የጠለቀ ነው። ዶቼ ቬለ በአጭር ሞገድ ሲያሰራጭ ለአሥርት ዓመታት የመለያ ዜማው ከቤትሆቨን ብቸኛ ኦፔራ ከ«ፊዴሊዮ» የተወሰደ ነበር። ዜማው ሴሌስታ በተባለ፣ ድምፁ እንደ ትንሽ ደወል በሚያቃጭል ባለ ቁልፍ መሣሪያ ይሰማ ነበር። ዜና ለማዳመጥ የሬዲዮናቸውን መቃኛ በጥንቃቄ ያዞሩ የነበሩ አድማጮች፣ ከማዕበሉ ጩኸት መሀል ጣቢያውን ያገኙበት ምልክት ይህ ዜማ ነው። የማን እንደሆነ የማያውቁትም ያውቁታል።

ዜማው ኦፔራው ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ ትርጉም አለው። «ፊዴሊዮ» በፖለቲካ ጠላቱ ተይዞ በምድር ቤት የታሰረ ሰው ታሪክ ነው። ሚስቱ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟን ለውጣ፣ በወህኒ ቤቱ ተቀጥራ ባሏን ታድነዋለች። በመጨረሻም የንጉሡ ሚኒስትር መጥቶ እስረኞቹ ወደ ብርሃን ሲወጡ ስለ ሰው ልጆች ወንድማማችነት ይዘምራል፤ ዜማው የዚያ ዝማሬ ነው። ቤትሆቨን ኦፔራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1805 ካቀረበው በኋላ ሁለት ጊዜ አሻሽሎታል፤ ዛሬ በብዛት የሚታየው የ1814ቱ ነው።

ለጎብኚ

ቤቱ ከቦን ዋና ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ከገበያ አደባባዩም ጥቂት እርምጃ ነው። የ1845ቱ ሐውልት በሙንስተር አደባባይ ቆሟል። ቤትሆቨን ክርስትና የተነሳበት ቤተ ክርስቲያን በ1800 በእሳት ጠፍቷል፤ የጥምቀት ገንዳው ግን ተርፎ፣ ዛሬ የቅዱስ ሬሚጊዮስን ስም በያዘው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የእናቱ መቃብር በአሮጌው የመካነ መቃብር ሥፍራ ነው። በዚያው ሥፍራ ሮበርት ሹማንና ለቤቱ ስሟን የሰጠችው ክላራ ሹማን አርፈዋል። የቤትሆቨን የራሱ መቃብር ያለው ቪየና ነው።

ወደ ራይን ዳር ሊመለስ የተመኘው ሰው አልተመለሰም። ደብዳቤዎቹ፣ ፒያኖውና በመጨረሻ ምንም ያላሰሙት የጆሮ መሣሪያዎቹ ግን፣ አንድ በአንድ፣ ከየአገሩ ተሰብስበው ወደተወለደበት ቤት ገብተዋል። የሚገቡበት ቤት ያገኙት አንድ ጓደኛ የትኛው ቤት እንደሆነ ስለመሰከረ፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ገንዘብ ስላሰባሰቡ፣ ጠባቂዎቹም በአንድ የጥቅምት ቀን ከሚነድ ጣራ ሥር ስላልሸሹ ነው።